ሊልበርን የቀረው ትዕይንት

የተቀጠርኩት አትላንታ አጠገብ፣ ብሩክሄቨን ውስጥ አንዲት ሴት ቤት ነበር፤ የምረዳው ግን አባቷን ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተጠገነ በኋላ ሐኪሙ መኪና እንዳይነዱ፣ ብቻቸውን ገላቸውን እንዳይታጠቡ ከልክሏቸዋል። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ቤቱን እያሳየችኝ፣ "አባቴ እንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን ተዋናይ ነበር፤ ስለዚያ ሲያወራ ዝም ብለሽ ስሚው" አለችኝ። ሰማኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማኋቸው።

እንግሊዝኛ "እርስዎ" የሚባል ነገር የለውም። እኔ ግን በልቤ እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

አባታቸው በሰሜን እንግሊዝ፣ አንዲት የወደብ ከተማ ውስጥ ዓሣ ሻጭ ነበሩ። እሳቸው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ሱቁን ጥለው ከአንድ ተጓዥ የቲያትር ቡድን ጋር ሄዱ። ቡድኑ መጀመሪያ ያስጣላቸው ያደጉበትን አነጋገር ነው። "እንደ ዓሣ ሻጭ ልጅ የሚያወራ ልዑል የለም" ብለው መስተዋት ፊት እያቆሙ አፋቸውን አቀኑት። አርባ ሊሞላቸው ሲል ቴሌቪዥን ላይ የገጠር ፖሊስ ሳጅን ሆኑ። አሥራ አንድ ዓመት በየሳምንቱ ያንኑ ቆብ ደፉ። መንገድ ላይ ሰው አስቁሞ አቅጣጫ ይጠይቃቸዋል፤ ብስክሌት የጠፋበት ያመለክትላቸዋል። አንድ ቀን አዲስ አዘጋጅ መጣና ሳጅኑ ይበቃል አለ።

"ገደሉዎት?" ብዬ ነበር መጀመሪያ የጠየቅኳቸው፤ ፊልም ላይ እንደዚያ ስለማውቅ።

"ቢገድሉኝማ ጥሩ! አንዱ ተዋናይ 'ሳጅኑ እህቱ ጋ ሊኖር ሄደ' አለ። በቃ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። የልብ ድካም እንኳ ነፈጉኝ።"

ይህን በየሳምንቱ ይነግሩኛል፤ በነገሩኝ ቁጥር ፊታቸው እንደ አዲስ ይቀላል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሚና ሲጠይቁ "አንተን እኮ ሰው ሳጅኑ ነው የሚልህ" እየተባሉ ተመለሱ። ሚስታቸው ስትሞት ልጃቸው አትላንታ አመጣቻቸው። "አገሬ ላይ በዚያ ሳጅን ምክንያት ሥራ አጣሁ። እዚህ ደግሞ ያን ሰው የሚያውቅ አንድ ፍጡር የለም" ይላሉ።

አንድ ቀን ኬኔሶ ለፍራሽ ማስታወቂያ እንግሊዛዊ አሳላፊ ይፈለጋል ተባለ። እኔ ነኝ የነዳሁላቸው። ጠዋት ሦስት ክራባት አሳስረው አስፈትተውኝ በአራተኛው ወጣን። ቦታው መጋዘን የመሰለ አዳራሽ ነው፤ ፓርክ አድርጌ ደግፌያቸው ገባን። የሚባለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ "ጌታዬ፣ አልጋዎ ተዘጋጅቷል።" ሽማግሌው አሉት። ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ያደረገው ጎረምሳ ዳይሬክተር፣ "በጣም ጥሩ፤ ግን ትንሽ ይበልጥ እንግሊዛዊ ሁንልኝ" አላቸው። ደገሙት። "ትንሽ ይበልጥ" አለ። በሦስተኛው አመስግኖ ሸኘን። ስንወጣ ከኋላችን ሌላ ሰው ሲሞክር ሰማሁ፤ የዚሁ የጆርጂያ ሰው ነው፤ ድምፁን በአፍንጫው አድርጎ አሳላፊ ሲሆን ሁሉም ሳቀ።

መኪና ውስጥ ቀበቶው አልታሰር ብሏቸው ይታገሉ ነበር። ላስርላቸው ስል እጄን ገፉት።

"ሰባ አራት ዓመት እንግሊዛዊ ነበርኩ" አሉ። "ከዚህ ይበልጥ ምን ልሁን?"

ቤት እንደገባን ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ካርቶን እንዳወጣ አዘዙኝ። ከውስጡ አንድ ካሴት መረጡ። ከሳጅኑ በኋላ የሠሩት፣ አንድ እሑድ ማታ አንዴ ብቻ የታየ ድራማ ነው። ሆነው የተጫወቱት ማንበብ የማይችል የወደብ ሠራተኛ ነው፤ ካገር የሄደች ልጁ ደብዳቤ ትልክለታለች። ጣቢያው ዋናውን ካሴት ሌላ ቀድቶበት አጥፍቶታል። ይህ ሚስታቸው ቤት ውስጥ የቀዳችው ነው። "እኔ ማን እንደሆንኩ እዪ" ብለው ማጫወቻው ውስጥ ከተቱት። ግራጫ መስመር ብቻ ይሮጣል። አወጡት፣ መልሰው ከተቱት፣ በጡጫ መቱት። ልጅቱ ከኩሽና፣ "አባዬ፣ የእንግሊዝ ካሴት እዚህ አይሠራም ብዬህ ነበር!" ብላ ጮኸች።

ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። የእህቴ የሠርግ ካሴት ከደሴ ሲመጣልኝም እንደዚያው ነበር፤ የአገራችን ካሴት እንደ እንግሊዙ ነው። ከቡፎርድ ሀይዌይ ወረድ ብሎ በርበሬና የስልክ ካርድ የሚሸጥ አንድ ያገሬ ልጅ ካሴቱን ለአሜሪካ ማጫወቻ እንዲሆን ኮንቨርት ያደርጋል። ወሰድኩለት።

"ማክሰኞ ነይ፣ እህቴ" አለኝ። ማክሰኞ "ሐሙስ"፤ ሐሙስ "ማሽኑ ተበላሽቶ ነው"። ከሥራ ቀጥታ እየበረርኩ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሽማግሌው በየቀኑ በር ላይ ቆመው እጄን ያያሉ። በአምስተኛው ሳምንት ካሴቱን ሰጠኝ። "ኦሪጅናሉን ግን ማሽኑ በላው። አይዞሽ፣ ከተቀዳ በኋላ ነው።"

ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ክራባት አስረው ጠበቁኝ። ከፈትኩት። የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ነው! ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ምናልባት መግቢያው ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ ሃያ ደቂቃ በትዕግሥት አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "እኔ የምመጣው መቼ ነው?" አሉኝ።

ባለሱቁ ካሴቶቹን አለዋውጧል። የሽማግሌው፣ ሊልበርን የሚባል ከተማ ወደሚኖር ቤተሰብ ሄዷል። አድራሻ ተቀብዬ በማግስቱ ነዳሁ። በሩን የከፈቱልኝ የሙሽራዋ እናት ናቸው፤ ትልቋ ልጃቸው ጋ የሚኖሩ የወሎ እናት። ሠርጉን ስሰጣቸው ካሴቱን ስመው ደረታቸው ላይ አደረጉት። አማቻቸው የኛን ይዞ ሲመጣ ዓይኔን አያይም።

"ሶሪ በጣም፤ የማይፈለግ መስሎኝ... የቅርጫት ኳስ ቀዳሁበት። ሁሉን አይደለም፣ ከመሃል ጀምሮ ነው።"

የተናገርኩትን አሁን ብደግመው አፍራለሁ። እናትየው ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። "ልጄ፣ እኔ እኮ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ሳይቀዳበት በፊት።"

"እማማ፣ እንግሊዝኛ ይሰማሉ እንዴ?"

"አንድም ቃል። ግን ያ ሰውዬ ማንበብ አይችልም፣ አይደል? ደብዳቤውን እንዴት እንደያዘው አየሁ እኮ። አባቴም ደብዳቤ እንደዚያ ሲይዝ አይቻለሁ።"

ተመልሼ ለሽማግሌው ሁሉን ነገርኳቸው። ግማሹን ድራማ አብረን አየን፤ የወደብ ሠራተኛው ልጅ መርከብ ላይ ስትወጣ ድንገት ቁመታም ልጆች በኳስ ይራወጣሉ። ሽማግሌው ጮኹ፣ ባለሱቁን ሰደቡ፣ እኔንም ሰደቡ። ሲደክማቸው፣ "ሴትየዋ ጋ ውሰጂኝ" አሉ።

ቅዳሜ ወሰድኳቸው። ሁለቱ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ ሆኜ አስተረጎምኩ። እማማ የመጨረሻውን ትዕይንት አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ሰውዬው ደብዳቤውን እንዴት እንደገለበጠ፣ እንዴት እንዳሸተተው፣ ጎረቤቱ ሊያነብለት ሲጠይቀው "አንብቤዋለሁ" የሚል በሚመስል ሁኔታ ራሱን እንደነቀነቀ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ እንዳጣጠፈው።

"ተቀምጬ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ቆሜ አልነበረም።"

ተረጎምኩ። "ቆሞ ነው" አሉ እማማ።

"ድርሰቱ ላይ 'ይቀመጣል' ይላል!"

"ድርሰቱን እኔ አላየሁም፤ ያየሁት ሰውዬውን ነው። ቆሞ ነው በያቸው፣ ልጄ።"

ስንመለስ ያን ሁሉ አውራ ጎዳና ስለ ወንበሩ ሲከራከሩ መጡ፤ እኔ ያየሁት ይመስል። አንዲት ሴት፣ ቋንቋቸውን ሳታውቅ፣ ምን እንደሠሩ ገብቷታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ ብዬ ተናደድኩ። ቤት እንደገባን ለጣቢያው ደብዳቤ አስጻፉኝ፤ "ቅጂ የለንም" የሚል ሁለት መስመር መልስ መጣ።

ሌላ ሥራ አላገኙም። በዓመቱ እኔ የነርስ ትምህርት ጀመርኩና ሺፍቴ ተቀየረ፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሴት መጣች። ደውዬ ስጠይቅ ልጅቱ፣ "እያወራ ነው" ትለኛለች። አንድ ቀን ስልኩን ሰጠቻቸው። ደህንነቴን አልጠየቁም።

"ያቺ ሴትዮ" አሉኝ፣ "ያለቀሰችው የቱ ጋ ነው?"

እማማ አልቅሰው እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። አልጠየቅኳቸውም። ሊልበርን ደውዬ ልንገርዎት አልኩ፤ እማማ ግን በዚያው ወር አገር ቤት ገብተው ነበር።