አካፋ አታንሱ

አብዱልወሀብ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ የሚታወቀው ግን በኮርቻው ሳይሆን በጉሮሮው ነው። የቅሬያችን፣ የሰፈሩ የቀብር እድር፣ ጠሪ እሱ ነበር። ሰው ሲሞት፣ ወደ ደሴ ከሚወጣው አስፋልት በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ይቆምና እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጣራል፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እገሌ አርፏል፤ አካፋህን ይዘህ ውጣ!» ያን ጊዜ እስላሙም ክርስቲያኑም ይወጣል። ቅሬ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አካፋ ነው።

እኔ አብሮ አደጉ ነኝና እንደ ወሊይ ላወድሰው አልችልም። ግትር ነበር። ድምፁንም ከልክ በላይ ይወድ ነበር፤ ሟቹ የሩቅ ሰው ከሆነ ጥሪውን ትንሽ ያስረዝመዋል። ይህን ስነግረው «ለቀባሪው አረዱት አሉ! ጥሪ እንዴት እንደሆነ ደግሞ አንተ ታስተምረኛለህ?» ብሎ መርፌውን ይወረውራል። ነገር ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ በዚህስ ማንም አይደርስበትም። ሬሳውን ራሱ ሄዶ ሳያይ አይጣራም።

ልማዱ የመጣው በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ነው። ያኔ መንገድ ዳር የሚወድቀው እንግዳ የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። አብዱ አጠገቡ ይንበረከካል፣ ዓይኑን ይከድንለታል፣ አንገቱን ያያል። ማተብ ካለ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከሌለ ወደ እስላም መቃብር ነው። ከዚያ ጉብታው ላይ ወጥቶ «እንግዳ አርፎብናል!» ይላል። አርፏል አይልም፤ አርፎብናል። እኛም እንደ ዘመዳችን እንቀብረው ነበር።

ደርግ ሲመጣ ረሃቡ አበቃ ተባለ። መከራ ግን ስሙን ይቀይራል እንጂ መቼ ያበቃል? አንድ ሰሞን የሚወድቁት የራሳችን ልጆች ሆኑ፤ ለእነሱ መጣራትም ማልቀስም ክልክል ነበር። አብዱ በዚያ ሰሞን ጉብታው ላይ ይወጣና ዝም ብሎ ይቆማል። ቆሞ ስናየው ይገባናል። ቀጥሎ የከብት በሽታ መጣ፣ ተምች መጣ፣ ዝናብ ቀረ። እንዲህ እያለ ሰባ ሰባት ደረሰ።

የዚያን ዓመት ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከአምባሰል የተነሳው ሕዝብ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ከአሰብ የሚመጡት የእህል መኪኖች በመካከሉ እየጮሁ ያልፋሉ። መጀመሪያ ላይ አብዱ ሲጣራ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። እየቆየ ግማሹ መጣ። በኋላ ሰዉ «መቀጮዬን እከፍላለሁ» እያለ መተኛት ጀመረ። በራችንን ቀድሞ ለውሻ ነበር የምንዘጋው፤ ያን ዓመት ለሰው ዘጋን። ክፉ ስለሆንን አይደለም። ለአንዱ ስትሰጥ አሥር ይቆማል፣ ለአሥር የሚበቃ የለህም፤ እንግዲህ ዓይንህን ከማሳረፍ ወደ ሌላ ማዞር ይቀላል።

አብዱም እንደ አውቶቡስ ረዳት ይጣራ ጀመር፤ ቶሎ ቶሎ፣ ያለ ዜማ። ኮርቻውንም ትቶት ነበር፤ በቅሎው ባለቀበት አገር ኮርቻ ማን ይገዛል? አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን፣

«ዛሬ አንዱን ሽማግሌ ዓይኑን ስከድን ምንም አልተሰማኝም» አለኝ። «ወላሂ፣ ምንም።»

«ደክሞህ ነው።»

«የደከመውን እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔን እንቅልፍም አይወስደኝ። ደሴ መሄዴ ነው።»

ልጁ ከሪማ ፒያሳ አካባቢ ከባሏ ጋር ሻይ ቤት ነበራት። አባቷን ና ካለችው ቆይታለች።

«ደሴ ሰው አይሞትም?» አልኩት።

«ይሞታል። ጠሪው ግን እኔ አይደለሁም።»

ነገሩ ከልቡ ነበር። ሚስቱ ዘይቱና ቤቱን ሸጣ ልትከተለው ተስማሙ። እኔም ተናደድኩበት፤ ሰው ሰፈሩን እንዲህ ጥሎ ይሄዳል? ግን ምን ብዬ ላስቀረው? አካፋዬን በር ኋላ ካቆምኩ እኔም ሳምንት አልፎኝ ነበር።

በሚሄድበት ጠዋት ጥቅልሉን ተሸክሞ ወደ አውቶቡሱ ሲወርድ፣ ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ራሷ ተከናንባ ተጋድማ አየ። ቆመ። ሄዶ አልተንበረከከም፤ ነጠላውንም አልገለጠም። ጉብታው ላይ መውጣትም አልፈለገም። እዚያው ራቅ ብሎ ቆሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እንግዳ አርፎብናል፣ አካፋህን ይዘህ ውጣ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጥቅልሉ ላይ ተቀመጠና ይጠብቀን ጀመር።

የመጨረሻው ጥሪው መሆኑን ስለምናውቅ ለእሱ ስንል ወጣን። የወፍጮ ቤቱ ሞላ እያጉረመረመ መጣ። ቃሬዛው መጣ። የቅሬው ዳኛ አባ ወልደ ሚካኤል ከዘራቸውን ተደግፈው ደረሱ።

«የት ነው የምንቆፍረው? ማተብ አላት?» ብለው ጠየቁት።

አብዱ የጥቅልሉን ገመድ ማጥበቅ ጀመረ።

«አብዱ፣ አንገቷን አላየህም?»

«አላየሁም» አለ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝና እንደምንም ተንበረከኩ። ነጠላውን ገለጥ አደረጉ። ጥቁር ማተብ ነበራት። እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ የሴትዮዋ ጣቶች የጋቢያቸውን ጫፍ ያዙ።

«ይቺ ሴት አለች» አሉ ቀስ ብለው።

አካፋ የያዘ ሰው ሁሉ አካፋውን ከኋላው ደበቀ። የአብዱን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ ስወደው ስለኖርኩ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሊያስቀብር ነበር፤ እሱም ያውቀዋል፣ እኛም አወቅን።

መጀመሪያ የተናገረው ሞላ ነው። «እንግዲህ እግዜር ይመስገን! መጠለያ የሚያደርሳት አይጠፋም፤ እኔ ወፍጮዬን ላንቀሳቅስ» ብሎ ዞረ።

«ወዴት ነው?» አሉት አባ ወልደ ሚካኤል፣ እንደተንበረከኩ። «ጥሪ ተጠርቷል።»

«ጥሪው በስሕተት ነው እኮ፣ አባ።»

«የቅሬ ሕግ ስለ ስሕተት አያወራም። ቅሬ አንዴ ከወጣ የወጣበትን ሳይፈጽም አይበተንም። ወይ እንቅበራት፣ ወይ እናንሳት። አንተ ምረጥ።»

ሞላ ባርኔጣውን አወለቀና ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ያዘ።

«ወደ እኔ ቤት» አለ አብዱ። ጥቅልሉን መንገድ ላይ ጥሎት ነበር፤ እኔ አነሳሁለት።

የቃሬዛውን ጉዞ ሳስታውስ ዛሬም ሳቄ ይመጣል። ያየን ሁሉ ከተቀመጠበት ይነሳል። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ከመስጊዱ በር ላይ ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። በፊታቸው ስናልፍ ከነጠላው ስር «ውሃ» የሚል ድምፅ ወጣ። ሼሁ ዱዓቸውን አቋረጡና «ያ ረቢ፣ ሬሳው ውሃ ጠማው» አሉ። ሳቅን። ቃሬዛው እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን። በዚያ ዓመት ስንስቅ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም፤ ከመካከላችን የሚያለቅስም ነበር።

ዘይቱና በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ደሴ ሄደ ስል ሬሳ ይዘህ መጣህ?»

«ሬሳ አይደለችም።»

«ታዲያ በቃሬዛ ምን አመጣት?»

«እኔ» አለ አብዱ።

ዘይቱና ትንሽ አየችውና መደቡን አነጠፈች።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አያት። ቀጭን አጥሚት፣ በማንኪያ፣ በትንሽ በትንሽ፣ ካለዚያ ምግቡ ራሱ ይገድላታል አለ። ማን እንደሚያበላት ጥያቄ ሲነሳ ሁሉም መሬት መሬት አየ። የእያንዳንዱ ቤት ጓዳ ይታወቃላ። አባ ወልደ ሚካኤል ግን እንደገና ወደ ሕጋቸው ተመለሱ።

«ሐዘን ቤት በተራ እናበላ የለም ወይ? ሰው ሞቶ ከሆነ የምናበላው፣ ሳይሞት ለምን ይቀርብናል? በተራ ነው።»

የእኔ ተራ ሐሙስ ሆነ። እንዴት እንደገላገለኝ ልንገራችሁ። ዓመቱን ሙሉ አገሩን በሞላ ለብቻዬ የማበላ ይመስል ነበር የደከመኝ፤ አንዱንም ሳላበላ። አሁን ሐሙስ አንድ ጣሳ አጥሚት ይዤ ሄድኩ፣ ማንኪያውን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ጨረስኩ። አርብ የሞላ ነበር። እኔ ያለ ሐፍረት ተኛሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። የገባኝ ያን ሐሙስ ነው።

አብዱ ሴትዮዋ መናገር እስክትችል አጠገቧ ድርሽ አላለም። ሲችል በጓሮ በኩል ይወጣ ነበር። በመጨረሻ ዘይቱና በክንዱ ይዛ አስገባችው። መደቡ ስር ተንበረከከ።

«ስምሽ ማነው፣ እኅቴ?»

«አረጋሽ። ከደላንታ ነኝ።»

«አረጋሽ፣ ሳላይሽ ነው የጠራሁብሽ። ይቅር በይኝ።»

«ሰምቼዎታለሁ» አለች። ድምፅዋ ገና ቀጭን ነበር። «አካፋህን ይዘህ ውጣ ሲሉ ሰማሁና፣ ደግሞ ለማን ይሆን፣ ነፍስ ይማር አልኩ።»

አብዱ ግንባሩን መደቡ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ምንም አይሰማኝም ያለኝ ሰው እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። አረጋሽ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» እያለች ራሱን ትዳብሰው ነበር። ዘይቱና ወጥታ ጥቅልሉን ፈታችው።

በሳምንቱ አብዱ እንደገና ጉብታው ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት ግን መንገድ ዳር ሄዶ ተንበርክኮ ነበር። ጥሪውም ሌላ ነበር፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እንግዳ መጥቶብናል፣ ነፍስ አለው፤ አካፋ አታንሱ!» ሰፈሩ ወጣ። ያን እንግዳ ሌላ ቤት ወሰደው፣ ሌላ ተራ ወጣለት። ሁሉን አዳንን አልልም፤ ውሸት ነው። ብዙ ጊዜ አካፋውንም አንስተናል። ግን ሰዉ አካፋ ይሁን ጣሳ ለማወቅ ጥሪውን አጥርቶ መስማት ጀመረ፤ የሚሰማ ሰው ደግሞ አይተኛም።

ዝናቡ ሲመለስ አረጋሽ ደላንታ ሄደች፤ የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ተመለሰች። ከዘይቱና ጋር ሽንኩርት ትቸረችር ጀመር። አብዱም አንዳንድ ኮርቻ ይሰፋ ነበር። ካርቱም በጎርፍ ተጥለቀለቀች ብሎ ሬዲዮ የተናገረ ቀን፣ ሥራውን አስቀምጦ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ አገኘሁት። «ደግሞ ለካርቱም ልትጣራ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት። «ድምፄ አይደርስም እንጂ» አለ፣ ከልቡ።

በዓመቱ ወባ ጣለው። ጉሮሮው ተዘጋ፣ ያ የሚኮራበት ድምፅ ጠፋ። አንድ ጠዋት በር ስከፍት ከጉብታው ጥሪ ሰማሁ፤ የሴት ድምፅ ነበር። ሴት ቅሬ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! አብዱልወሀብ ታሟል፤ አካፋ አታንሱ!»

አረጋሽ ነበረች። ዜማውን ሳይቀር የእሱን አስመስላ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ አስረዘመችው።

ሰፈሩ እንዳለ ወጣ። ሞላ ከልማድ የተነሳ አካፋውን ይዞ መጥቶ ኖሮ አጥሩ ስር ሲሸሽገው አየሁት። ስገባ አብዱ መደቡ ላይ ተጋድሟል፤ የአረጋሽ መደብ ነው። ጠጋ በል አለኝ በጣቱ። ድምፁ ሹክሹክታ ነበር።

«ሰማኸው? ስጠራ ኖርኩ እንጂ ከቤት ውስጥ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም።»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ሰው እየመጣ እንደሆነ ያስታውቃል» አለ።

ዘይቱና አጥሚቱን ይዛ ገባች። ቀኑ ሐሙስ ነበርና ማንም ሳይጠይቀኝ ማንኪያውን ተቀበልኳት።