የቡና ቀማሽ ሚስት

ባሌ ቡና ቀማሽ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ መጋዘን ነበር፤ ከሐረርጌ የሚመጣ ቡና ይከማችበታል። እሱ ከየጆንያው ናሙና አስወጥቶ፣ አስቆልቶና አስፈጭቶ፣ ፍል ውኃ አስፈስሶበት ይቀምሳል። ከማንኪያው ፉት ሲል ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል። አፉ ውስጥ ያንገላታውና ይተፋዋል። «የቀመስኩትን ሁሉ ብውጥማ ልቤ ይቆማል» ይለኝ ነበር።

የዚያ ምላስ ሎሌ እኔ ነበርኩ። በርበሬ አይነካውም፣ ነጭ ሽንኩርት አይቀርበውም። ያለ ቃሪያ እህል የማይወርድልኝ ሴት በዚያ ሐሩር አልጫ ስሠራ ኖርኩ፤ ቃሪያዬንም ጓዳ ተደብቄ በላሁ። ይሁን፣ እንጀራችን ነው ብዬ ቻልኩት። ያልቻልኩት የቡናውን ነገር ነው።

አንዳንዴ ከናሙና የተረፈ እፍኝ ቡና ያመጣልኛል። ቡናው ሁሉ ወደ ውጭ እየተላከ እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ጎረቤቶቼ ዕድለኛ ይሉኛል። እኔም እጄን ታጥቤ፣ አንድ ባንድ ለቅሜ፣ እንዳያርብኝ ሳልነቃነቅ ቆልቼ አቀርብለታለሁ። አንድ ጊዜ ፉት ይላል። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ ይተፋና «እርጥብ ሳለ የተከዘነ ነው። አቆላልሽም ትንሽ ቸኩሏል» ይለኛል። ሲኒው እንደ ሞላ ይቀራል። ሙሽራ ሳለሁ ያስቀኝ ነበር፤ ዓመት ሲደራረብ ግን ሳቁ አለቀብኝ። «አንድ ቀን እንኳ ዋጠው እስቲ!» ብዬ ስቆጣ «ልማድ ሆኖብኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የድሬዳዋው ባቡር ሲገባ ብርቱካን ልገዛ ወጣሁ። ከጣቢያው ማዶ፣ አንዲት ወሎዬ ሴት ከከፈተችው ሻይ ቤት ጥላ ስር ባሌን አየሁት። ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ሲኒ ይዟል። ፉት አለ። መቼ ነው የሚተፋው ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። አልተፋም። ማንቁርቱ ሲወጣና ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ሴትዮዋ ደገመችለት፤ እሱንም ጨለጠው።

እጇን ይዞ ባገኘው ይሻለኝ ነበር። ለዚያስ ጩኸት አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ ዕርቅ አለው። ባሌ የሌላ ሴት ቡና ዋጠብኝ ብዬ ቀበሌ ልክሰስ? ብርቱካኑን ሳልገዛ ተመለስኩ፤ ሌሊቱንም በቅናት ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ወደ ሻይ ቤቷ ሄድኩ። ወጣት ብትሆን በወጣትነቷ አሳብቤ እሰድባት ነበር። በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ደልዳላ ሴት ሆና አገኘኋት፤ ያ ደግሞ ይብስ አንገበገበኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም።

«ግቢ እህቴ፣ ፀሐዩ ላይ ምን ያቆምሻል?» አለችኝ።

ቡናዋን ቀዳችልኝ። ቀመስኩት፤ የከሰለ ገብስ ነው።

«ይሄ ቡና ነው?» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። «ያረቢ! ቡና ከየት ይገኛል ብለሽ ነው? ገብስ ነው እህቴ፤ ቡናው ለስም ያህል ነው ጣል የሚደረግበት። ወላሂ፣ ማንንም አልደብቅ።»

«የመጋዘኑ ቀማሽስ ምን ይልሻል?»

«እሱማ ምንም አይል። ቁጭ ብሎ ስለ እናቱ ያወራኛል።»

ለእኔ ስለ እናቱ የነገረኝ መሞቷን ብቻ ነው። ሲኒውን አስቀምጬ ወጣሁ።

በመንገዴ ሁሉ ሳስብ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ሰውዬው ቡና ሰልችቶታል፤ ሴትዮዋም የምትሰጠው ቡና ያልሆነ ነገር ነው፤ በቃ። ገብስ ከሆነ ደግሞ እኔስ መቼ አጣሁት? ቤት ገብቼ ለቆሎ ያስቀመጥኩትን ገብስ እስኪጠቁር ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ አፈላሁ። ናሙናውን ቡና ለስም ያህል ጣል አደረግኩበት። ማታ ከሥራ እንደ ገባ ምንም ሳልናገር ሰጠሁት።

ፉት አለ። አፉ ውስጥ አንገላታው። በሩን አላየም፤ ዋጠው። ልቤ በደስታ ዘለለ። እስኪጨርሰው ድረስ ጠበቅኩት። ጨረሰውና ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ገብሱ ደህና ነው» አለ። «ቶሎ አውጥተሽዋል እንጂ፤ ላዩ አሮ መሃሉ ጥሬ ነው።»

ትዕግሥቴ ተሟጠጠ። «የሷስ? የሻይ ቤቷ ሴትዮ ገብስ መሃሉ በስሏል?»

ደነገጠ። ከየት ሰማሽ አላለኝም፣ አልካደኝምም። መጋዘን ውስጥ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከልቡ አሰበበት።

«እንጃ፣ የሷን ቀምሼው አላውቅም» አለኝ። «ዝም ብዬ ነው የምጠጣው።»