ታይፎይድ ነው አልኳቸው

ወንድሜ ደምበል በምትባል የገጠር ከተማ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ባልደረቦቹ ደግፈው ጅጅጋ እኔ ቤት አመጡት። «ጠመኔውን እንደያዘ ተማሪዎቹ ፊት ያለቅሳል» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል የምል ሴት ነኝ፤ ያኔማ ብሶብኝ ነበር። የእብድ እህት ልባል? በጭራሽ! ለጎረቤቱ ሁሉ ታይፎይድ ነው አልኩ።

ሐኪሙ ግን ድብርት ነው፣ ይታከማል አለኝ። ኪኒን አዘዘለት። «እስኪሠራለት ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ብቻውን እንዳይውል፤ ሰው አጠገቡ ይኑር» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰው እንዳያነበው የኪኒኑን ካርቶን ቀዳድጄ እዚያው መንገድ ላይ ጣልኩት።

አጥር የምንጋራት ሱማሌ ጎረቤቴ መታመሙን እንደሰማች ነጭ ሽንኩርት በማር ዘፍዝፋ አመጣች። በማግስቱ ጥቁር አዝሙድ ወቅጣ ደገመች። ሁሉም ለታይፎይድ ነው። እሱም ሳያንገራግር ይውጠዋል። አንድ ቀን ብቻ ፈገግ ብሎ፣ «እትዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ለሆድ እንጂ ለሐዘን ይሆናል እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ከዚያ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በሱማሌዎቹ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ሴቶቹ ፍራሹ ዙሪያ ተቀምጠው ሻይ በወተት እየጠጡ ወሬያቸውን ያወራሉ፤ በሽተኛው ባይመልስም ግድ የላቸውም። ጎረቤቴም፣ «አንቺ ቢሮ ስትሄጂ እኔ እሱ ጋ ልዋል» አለችኝ። ደነገጥኩ። አጠገቡ ከዋለች ታይፎይድ እንዳልሆነ ታውቃለቻ! «ይተላለፋል፣ ልጆች አሉሽ» ብዬ መለስኳት። ከዚያ በኋላ ምግቡን በር ላይ አስቀምጣ ትሄድ ጀመር።

«የሰው ድምፅ ናፈቀኝ» አለኝ በሦስተኛው ሳምንት። «ትንሽ ሻል ይበልህና» አልኩት። እህል መቅመስ ስለጀመረ ልቤ ተረጋግቶ ነበር። በማግስቱ ለምሳ ስመለስ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጥፍቶ አገኘሁት።

ለቅሶው ላይ ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀመጠች። እውነቱን ሰምታለች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ምነው በተቆጣችኝ! እጄን ይዛ፣ «አባዮ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ «ይሄን እኮ እናውቀዋለን። ቡፊስ እንለዋለን። የኔንም ወንድም ይዞት ነበር። ዓመት ሙሉ እየተፈራረቅን አብረነው ዋልን። አሁን ልጆች ወልዷል።»

አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ እኮ ቤት ነበርኩ» አለች እያለቀሰች። «ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ ቤት ነበርኩ።»