ከተዘጋ ፓስፖርት የወጣ ፊት

ፓስፖርቱን የተቀበልን ዕለት አባቴ መጀመሪያ ያዩት ስማቸውን ወይም ፎቷቸውን አልነበረም፤ ሽፋኑን ነው። ከሽፋኑ ግርጌ በወርቅ ቀለም የታተመች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ምልክት አለች፤ አራት ማዕዘን ሆና መሐሏ ክብ። አባቴ ቄስ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በብራና ላይ ያሉ ጥቃቅን ምልክቶችን ሲያነቡ ስለኖሩ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣቸውም። በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ውስጡ ቺፕ እንዳለ የምታመለክት ናት፣ አባ።"

ጣታቸውን ከምልክቷ ላይ አነሡ። ከአንድ ወር በፊት አሻራ ሲሰጡ መሣሪያው አራት ጊዜ እምቢ ብሎ ነበር። ዘመኑን ሙሉ እርፍ የጨበጠ ጣት መስመሩ አልቋል። ሠራተኛዋ ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች በአምስተኛው ተሳካላት። እምቢታውን እንደ ማስጠንቀቂያ ቆጥረውት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ፓስፖርቱ የተፈለገው ለታናሽ እህቴ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው በሳምንት ሁለት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠባል። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ተመርምረን የእኔ ኩላሊት አልሆናትም፤ የአባቴ ሆነ። ሐኪሙ ይህን ሲነግራቸው "ሁለት የሰጠኝ አንዱ የእሷ ኖሯል" ብለው ተነሡ። ቀዶ ጥገናው ህንድ አገር ነው፤ ያለ ፓስፖርት ደግሞ መንገድ የለም።

እኔ ፒያሳ ውስጥ በአንድ በር ሱቅ ሞባይል እጠግናለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተማርሁት ከተሰበሩ ስልኮች ነው። እያንዳንዷን ብሎን ከየት እንዳወጣኋት በወረቀት ላይ እየሣልሁ አስቀምጣለሁ፤ ያልገባኝን ነገርም ሳልፈታ አላልፍም። ስለዚህ አባቴ ስለ ቺፑ ሲጨነቁ ባይ አንድ ሸጋ ሐሳብ መጣልኝ፤ ላሳያቸው።

ከሱቄ አጠገብ ሰዓት የሚጠግን ሽማግሌ አለ። አባቴ ፓስፖርት ይዘው ሲገቡ አይቶ ተከተለን።

"እንኳን ደስ ያለዎት አባ! እንግዲህ በጾም ቅቤ ቢቀምሱ ቦሌ ላይ በመብራት ይጻፋል።"

"የኔን ተወው አያ፤ ያንተን ለመጻፍ መብራቱም አይበቃ" አሉት። ሦስታችንም ሳቅን። የእሳቸው ሳቅ ቶሎ አለቀ።

ስልኬ ላይ ቺፕ የሚያነብ ፕሮግራም ጫንሁ። ከፓስፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቁጥሩን፣ የልደት ቀኑንና የሚያበቃበትን ቀን አስገባሁ። ከዚያ ፓስፖርቱን ዘጋሁትና ስልኩን በጀርባው ላይ አስተኛሁት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ቁጥሩን ሳያውቁ እንደማይነበብ፣ ስልኩ አንድ ስንዝር ራቅ ሲል ደግሞ ንባቡ እንደሚቋረጥ በዓይናቸው ሲያዩ ይረጋጋሉ ብዬ ነው።

አረንጓዴዋ መስመር ሞላች። ከዚያ የአባቴ ፊት በስክሪኑ ላይ ወጣ። ጥምጥማቸውን ለፎቶው ስላወለቁ በራ ራሳቸው ታየ፤ ግንባራቸው ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም።

ሰዓት ጠጋኙ አማተበ። አባቴ ግን አላማተቡም። ጎንበስ ብለው ፓስፖርቱን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ መልሰው ፓስፖርቱን አዩ።

"ተዘግቶ አይደለም ወይ?"

"ተዘግቶ ነው።"

"አንተ የመንግሥት ሰው ነህ?"

"አይደለሁም፣ አባ።"

"ታዲያ አንተ ከቻልህ ማን ያቅተዋል?"

ቁጥሩን የሚያውቅ ብቻ ነው አልኋቸው። በየሆቴሉና በየኬላው ፓስፖርቱን የሚቀበል ሰው ሁሉ ቁጥሩን ያይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያያል። ይህን ጥያቄ አስቀድሜ ለራሴ አለመጠየቄ አስደነገጠኝ።

"ይሰማል?"

"አይሰማም። ጆሮ የለውም፣ ባትሪም የለው።"

"ባትሪ ከሌለው በምን ነቃ?"

"ኃይል የሰጠው የኔ ስልክ ነው። የአንቱ ባለ ቁልፍ ስልክ ግን አይችልም።"

"የንስሐ ልጄ ሊነግረኝ ሲመጣ በኪሱ የያዘው ስልክስ?"

ያን ጊዜ ነው ፍርሃታቸው ምን እንደሆነ የገባኝ። እኔ የመሰለኝ ሰው ሁሉ የሚያወራው፣ በየታክሲው የሚሰማው የአውሬው ቁጥር ነበር። እሳቸው የፈሩት ሌላ ነው። አርባ አንድ ቤት የሚናዘዝላቸው የንስሐ አባት ናቸው፤ ሰው ለሚስቱ ያልነገረው እሳቸው ጆሮ ውስጥ አለ። አንደበታቸውን ሲጠብቁ ኖሩ እንጂ ኪሳቸው ይናገራል ብለው አስበው አያውቁም።

አይሰማም ብዬ ደጋገምሁ። እውነት ነው፤ አይሰማም። እሳቸው ግን ያዩት ከተዘጋ ነገር ፊት ሲወጣ ነው፤ ያሳየኋቸውም እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሰሞነኛ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ተራዬ ደርሷል ብለው ፓስፖርቱን ይዘው ወደ አገር ቤት ወጡ። በስምንት ቀን እመለሳለሁ አሉ። በረራው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ስምንቱ ቀን አለፈ፣ ዘጠነኛው አለፈ፤ ስልካቸው አይሠራም። በዐሥረኛው ቀን እህቴ ማሽኑ ላይ ሆና "አባ ፈሩ እንዴ?" አለችኝ። ብርድ ልብሷን አስተካከልሁላት። ፊቷ አብጧል። ወደ እኔ ዞራ፣ "ሂድና እያቸው። ካልፈለጉ ግን አታስገድዳቸው፤ በግድ የተሰጠ አካል ይዤ አልኖርም" አለች።

በአውቶቡስ ደባርቅ ደረስሁ፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። ጉሙ ገና አልገለጠም ነበር። ግቢ ስገባ አባቴ የሉም። በራፉ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ አጎዛው ላይ ፓስፖርቱ ተከፍቶ ተቀምጧል። ነፋስ እንዳይገልጠው በየገጹ ጠጠር ተደርጎበታል። ገጾቹ እንደ ጥቅል ጎመን ተነፋፍተዋል። አጠገቡ ቁጭ አልሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙኝ።

"ምነው መጣህ? ነገ ልወርድ ነበር።"

"አባ፣ ይህ ምን ሆኖ ነው?"

"ጠበል አስገባሁት። ሦስት ቀን።" ስንዴ አጠብሁ እንደሚል ሰው ነበር የተናገሩት።

ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። አባቴ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። መስመሯ ቀስ ብላ ሞላች፤ ያው ፊት፣ ያቺው ጠባሳ ወጣች።

"አለ?"

"አለ።"

"ጋኔን ቢሆን ሦስት ቀን አይቆይም ነበር። ሰው የሠራው ነው።"

"እኔስ የምልዎ ይኸንኑ አይደለም?"

"አንተ ልታጽናናኝ ነው የምትለው። እኔ የምፈራው የሰውን ነው። ጋኔኑንማ በምን እንደማስወጣው አውቃለሁ።"

"ታዲያ አይሄዱም ማለት ነው?"

ተቆጡ። "ማን እንዲህ አለህ? ልጄን ልተዋት ነው?"

ከዚያ የቆዩበትን ምክንያት ነገሩኝ። ሰሞናቸውን ሲጨርሱ በየቤቱ ዞረዋል፤ አርባ አንዱንም። እያንዳንዱን ከደጅ አስጠርተው፣ ከእንግዲህ ሌላ የንስሐ አባት ይያዝ ብለው አሰናብተውታል። ያለቀሱ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ "ምን በደልሁ?" ብሎ እግራቸው ላይ ወድቋል።

"ለምን?" አልሁ። "ፓስፖርቱ እኮ ለመንገዱ ብቻ ነው፤ ሲመለሱ ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል!"

"ጣቴን ሰጥቻለሁ፣ ፊቴን ሰጥቻለሁ፤ የራሴ ነው። የሰው አደራ ግን በእኔ ጆሮ የገባ በእኔ ይቀራል ብዬ መማል እፈልጋለሁ። ያን ዕለት ሱቅህ ውስጥ፣ መማል አቃተኝ።"

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። በአንድ ደቂቃ ያሳየሁት ነገር የሃያ ሰባት ዓመት አገልግሎት ዘጋ። አፍርሼ የምጠግነው፣ ብሎኑን በወረቀት የሣልሁለት ነገር አልነበረም።

ወደ ቦሌ የሚበረውን እንዲይዙ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋቸው፤ እህቴ እዚያ ትጠብቃቸዋለች። በር ላይ አባቴ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጄ አስጨበጡኝ።

"ፓስፖርቱንና ስልኩን አንድ ላይ አልይዝም። እንዳትዘጋው፤ የንስሐ ልጆቼ ቢደውሉ የዘጋሁባቸው አይምሰላቸው። ይጥራ። እንዳታነሳው ብቻ።"

ቦሌ ላይ የሆነውን እህቴ ደውላ ነገረችኝ። ፓስፖርት የምታየው ሠራተኛ የተነፋፉትን ገጾች እያገላበጠች ምን ነክቶት ነው አለች። አባቴ "ጠበል" አሉ። ወረቀቱን አልወደደችውም። መሣሪያው ላይ ስታስቀምጠው ግን ፊታቸው ወጣ፤ አየችው፣ አየቻቸው፣ ማኅተም መታችበት። ያሳለፋቸው ቺፑ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ እንደገና ደወለች። "ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጥተናል፤ ሁለታችንም" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ሱቁን ዘግቼ ትንሽ አለቀስሁ።

የአባቴ ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ይጠራል። ሰዓት ጠጋኙ "ምነው አታነሳም?" ይለኛል፤ የኔ አይደለም እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቻርጅ ላደርገው ሳወጣው ሳላስበው ስክሪኑን አየሁ። ስሞቹን ድሮ የመዘገብሁላቸው እኔ ራሴ ስለሆንሁ ሁሉንም አውቃለሁ። አንዱ የንስሐ ልጃቸው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ጊዜ፣ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ጊዜ፣ ሐሙስ ሰባት ጊዜ ደውሏል። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ እርሻው ከእኛ ማሳ ጋር ይዋሰናል። አንድ ቃል ሳልሰማ፣ ለማንም የማይነግረው ነገር እንዳስጨነቀው አወቅሁ።

አይሰማም ያልሁት እኔ ነበርሁ።

ከመሣሪያዎቼ መካከል ጥቁሩን ፕላስተር አንሥቼ በልኩ ቆረጥሁና ስክሪኑ ላይ ለጠፍሁት። አሁንም ይጠራል፤ ማን እንደጠራ ግን አይታይም።