ባሕሩ የእናቴ ድርሻ ነበር

ከቦሌ ሳኦ ፓውሎ በአውሮፕላን አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህን ለቤት ኅብረታችን መናገሬ ነው ጣጣውን ያመጣው። ጉርድ ሾላ፣ ሳሎናችን ውስጥ የተሰበሰቡት ምእመናን «ይህን ያህል መንገድ በአንድ ሰው ጸሎት አይሸፈንም» አሉና እህቴ የምታልፍባቸውን አገሮች እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈሉ።

እናቴ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። እህቴ ለትምህርት ብራዚል እንደምትሄድ ስትነግራት «ከሄድሽ ድምፄን አትሰሚም» ብላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረቻትም። ወደ ቦሌ ሲሸኟትም ከቤት አልወጣችም። እኔን ያስጨነቀኝ የአውሮፕላኑ ነገር አይደለም። ሁለቱም ግትር ናቸው፣ እንደተኳረፉ እንዳይቀሩ ፈራሁ።

ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡት እትዬ ቶሎ ጨርሰው ሊሄዱ ቅርቧን ኡጋንዳን ወሰዱ። ከእንጦጦ ግርጌ የሚመጡት ሽማግሌ ኮንጎን ተቀበሉ፤ ስፋቷን ማንም አልነገራቸውም። ጎረቤታችን አንጎላን አለ። ባሕሩ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም አንገቱን ደፋ። ማረፊያ የሌለው ውሃ ማን ይወስዳል?

«ባሕሩን ለእኔ ስጡኝ» አለች እናቴ። ማንም አልተከራከራትም።

አውሮፕላኑ ተነሣ። እኔ ስልኬ ላይ የበረራውን መስመር የሚያሳየውን ካርታ እየተከታተልኩ ተረኛውን እጠራለሁ። ኡጋንዳ ወዲያው አለቀች። ሽማግሌው በአፋን ኦሮሞ ጀምረው ወደ አማርኛ ዞሩ፣ ከአማርኛ ተመልሰው ወደ አፋን ኦሮሞ። በየመሃሉ አንድ ዓይናቸውን ይገልጣሉ።

«ልጄ፣ አሁንም ኮንጎ ነው?»

«አሁንም ኮንጎ ነው፣ አባባ።»

በመጨረሻ ድንበሩ ሲታለፍ ደስ ብሎኝ ካርታውን ባየው፣ አውሮፕላኑ የገባው ሌላኛዋ ኮንጎ ውስጥ ነው። ለካ ሁለት ናቸው!

«የተሰጠችኝ አንዷ ናት!» አሉ ሽማግሌው በተዘጋ ድምፅ። ጎረቤታችን እንዲያግዛቸው ብንለምነው «የእኔ አንጎላ ነው» ብሎ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። አውሮፕላኑ አንጎላን ዞር ብሎም ሳያያት ባሕሩ ላይ ወጣ። ሰውየው ተቀይሞ ሄደ።

እናቴ ተነሥታ ቆመች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እሷ ቆማ ነበር፤ እህል አልቀመሰች፣ ውሃ አልጠጣች። ሽማግሌው ብቻ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እናቴ በሹክሹክታ ስትጸልይ የእህቴን ስም ስትጠራ ሰማኋት።

ከመሸ በኋላ ካርታው ላይ የብስ ታየ። «እማዬ፣ ባሕሩ አልቋል» አልኳት።

«ደህና አድርገህ እይ።»

ካርታውን ባላሳያት አትቀመጥም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እህቴ ደወለች፤ በሰላም ገብታለች። ስልኩን ለእናቴ ዘረጋሁላት። ፊቷን አዞረች። ከዚያ ነጠቀችኝ።

«ስትመለሺም በዚያው ባሕር ላይ ነው?»

እህቴ ለመመለስ ምንም ያሰበች አይመስለኝም ነበር። መልሷ ግን እኔ ድረስ ተሰማ።

«አዎ እማዬ፣ በዚያው ነው።»

«እንግዲያው ባሕሩን ለማንም አልሰጥም» አለችና ዘጋችው።