ባዶው ሚዛን ያሳየን ዕዳ

በዚያ ጠዋት ሮቤ ባለው የእህል መጋዘኔ የነበርነው እኔ፣ ልጄ፣ ከጎሮ በኩል ስንዴ የሚያመጡልኝ ሐጂ፣ ሁለት ጫኝ አውራጆችና ስንዴውን የጫነው ጋሪ ባለቤት ነን።

ልጄ አስም አለባት። የስንዴ ብናኝ ሲነሳ ትንፋሿ ያጥራል። ተመርቃ «ከአንተ ጋር ልሥራ» ስትለኝ እንቢ ብያት ነበር። እሷ ግን ኤሌክትሮኒክ ሚዛኑን በገመድ ከኮምፒውተር አገናኝታ፣ በሯን ዘግታ ከጎን ክፍል ታዝዘው ጀመር። አንዱን ቁልፍ ስትጫን ሚዛኑ ክብደቱን ይልክላታል፤ ሌላውን ስትጫን ወደ ዜሮ ይመለሳል። እኔ ያለ አስተማሪ፣ እየተሳሳትኩ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ከግድግዳ ማዶ የሚታዘዝ ሚዛን አላመንኩም። «አንዴ ከተሳሳተ ገመዱ ይነቀላል፤ አንቺም ሌላ ሥራ ትፈልጊያለሽ» አልኳት።

በመጋዘኔ አንድ ደንብ አለ። የሽማግሌ የመጀመሪያ ጆንያ ሚዛን ላይ ካረፈ ሰላምታው ሳያልቅ ሌላ አይጫንበትም። የመጀመሪያው ጆንያቸው እንዳረፈ ሐጂ «አከም ጅርተ? ነገያ?» ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ጎባ ስላሉት ዘመዶቼ ጠየቁኝ። እኔም በተራዬ ጠየቅኋቸው። ልጄ ስክሪኑ ላይ ዝም ብሎ የቆመ ክብደት ስታይ፣ ጠዋት ጠዋት ከጆንያ ሥር የምናነጥፋቸው ከባድ ሳንቃዎች መሰሏትና ዜሮ አደረገችው። ከዚያ የቀሩት አራት ጆንያዎች ተደረቡ።

«አራት መቶ ሦስት ኪሎ!» አለች በክፍሏ ትንሽ መስኮት።

ሐጂ ጆንያዎቹን በከዘራቸው እየነኩ ቆጠሩ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አምስተኛውን አይጥ በላው?»

ፊቴ ጋለ። «ገመዱን ንቀይው!» ብዬ ጮህኩ።

አልነቀለችም። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። «አባዬ፣ መጀመሪያ ይውረድ» አለችኝ፣ እያሳላት።

ጆንያዎቹ ሲወርዱ ባዶው ሚዛን ከዜሮ በታች አንድ መቶ አንድ ኪሎ አሳየ።

«ያ ረቢ! ሚዛኑ ራሱ አንድ ጆንያ አለብኝ አለ!» ሐጂ እስኪያነቡ ሳቁ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጅቷን አስገባት፣ ልትታነቅ ነው። አንተም ሰላምታህን ከሚዛን ላይ አውርደው!»

ሚዛኑ የታዘዘውን አደረገ፤ ልጄም የታያትን አዘዘች። ደንቤን ሳልነግራት ከግድግዳ ማዶ እንድታውቀው የጠበቅሁ እኔ ነኝ። ታዛዥ ዕቃ ይገኛል፤ ታማኝነት ግን ከሁለት ወገን የሚነጋገሩ ሰዎች ሥራ ነው።

ገመዱ አልተነቀለም፣ ልጄም ከእኔ ጋር መሥራቷን ቀጠለች። አሁን ዜሮ ከማድረጓ በፊት «ባዶ ነው?» ትላለች፤ እኔ «ባዶ ነው» ካላልኩ አትነካውም። በቀን ስንት ጊዜ ድምፅዋን እንደምሰማ ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

በዚያ ጠዋት የሐጂን ስንዴ አንድ በአንድ እንደገና መዘንን። ለጫኝ አውራጆቹ ድካም እኔ ሁለት መቶ ብር ጨመርኩ። ለጋሪው መቆያም እኔ ልክፈል ብል ሐጂ እምቢ ብለውኝ መቶ ብር ከፈሉ። ልጄም ለሁላችን ሻይ አስመጥታ ስልሳ ብር አወጣች። ያ ስህተት ያስወጣን ጠቅላላው ሦስት መቶ ስልሳ ብር።