ሙሴ ጥርሶን ነጭ ጋውን ያለበስኩት እኔ ነኝ

አዲስ የተፈጨ ስንዴ ከሞተር ናፍጣ ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው ሽታ አለ። ዛሬም አዳማ ውስጥ በአንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቀጥ ይላል፣ ጆሮዬም የአሰላውን ወፍጮ ቤት ሞተር የቺንጋ ድምፅ መስማት ይጀምራል፤ እኔም የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የስንዴ ጆንያ ላይ ተንጠልጥዬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ሳወራ ራሴን አየዋለሁ። ሰዎች ልጅነታቸውን ሲያስታውሱ ምን ያህል ጨዋ እንደነበሩ ነው የሚናገሩት። እኔ ጨዋ አልነበርኩም። ለፍላፊ ነበርኩ፣ ውሸታም ብትሉኝም አልቀየምም። አሁን የምናዘዘውም በደርግ ዘመን፣ አንድ ታኅሣሥ ላይ፣ ወሬዬ እናቴን ሊገድልብኝ ስለነበረ ነው።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። የአሰላ ክረምት ገብቶ የሚወጣ አይመስልም ነበር፤ ጭላሎ ተራራ ለሳምንታት ፊቱን ሳያሳይ ይሰነብታል፣ መንገዱ ጨቅይቶ ጫማ ያስቀራል፣ እኛ ልጆችም እሑድ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ የሚታየውን ፊልም ስንጠብቅ ሳምንቱ አልገፋ ይለን ነበር። አዳራሹ ግን ሁሉንም አይችልም። ስለዚህ የሰፈራችን ልጆች ዘዴ ዘየድን፤ አንድ ልጅ ይመረጥና ገብቶ ያያል፣ መጥቶም ለቀሩት ያወራል፣ የቀሩት ደግሞ የሱን ተራ ውኃ ይቀዱለታል። ከእኔ በፊት የተመረጡት ሲወጡ «ተኩስ ነበረ፣ ከዚያ አለቀ» ብለው ዝም ይሉ ነበር። እኔ ግን አንዱን ትራክተር ሦስት ቀን ሙሉ ማውራት እችል ነበርና ቦታውን ማንም አልቀማኝም። ብዙውን ጊዜ የሚታየውም ትራክተር ነበር፤ ትራክተር ሲያርስ፣ ትራክተር ሲመረቅ፣ ገበሬዎች ለትራክተር ሲያጨበጭቡ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ ከትራክተሩ ፈንታ ሌላ ፊልም መጣ። በስህተት ይሁን በማን ምርጫ እስከ ዛሬ አላውቅም። ትልቅ የድንጋይ ግንብ አለ፣ ግንቡ ውስጥ ፊቱ እንደ ሊጥ የነጣ፣ ጥቁር ካባ የደረበ ጌታ ይኖራል፣ ሁለት ጥርሶቹም ግራና ቀኝ ወጣ ብለዋል። ቋንቋውን የሚያውቅ ከመሃላችን አልነበረም፤ ከቀበሌው ካድሬዎች አንዱ እንደ ልማዱ መድረኩ ጥግ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ይተረጉምልን ነበር። ሰውየው የአንዲት ገበሬ ልጅ አንገት ላይ ተጎንብሶ ደሟን ሲመጥ ካድሬው ራሱ ደንገጥ አለና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጓዶች! ይህ ባላባት ነው! የጭቁኑን ገበሬ ደም እንዴት እንደሚመጥ በዓይናችሁ እያያችሁ ነው!» አለ። እኛም አጨበጨብን።

እኔ ግን ለባላባቱ አዘንኩለት። ማርያምን! ጠረጴዛ ሙሉ ምግብ ተደርድሮ አንዱንም መቅመስ አይችልም ነበር፤ ሰው ሲበላ እያየ ብቻውን ይቀመጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፊልም ሰው ሁሉ አስበልጬ የወደድኩት እሱን ነው፣ ስሙን መስማት ስላልቻልኩም፣ ያኔ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ይባል ነበርና፣ «ሙሴ ጥርሶ» ብዬ ራሴ ሰየምኩት። ደግሞ ፊልሙ መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም፣ ተበተንን። ሙሴ ጥርሶ መጨረሻው ምን እንደሆነ አንድም ሰው ሳያውቅ ቀረ፣ መጨረሻውን ማበጀትም የእኔ ሥራ ሆነ።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት፣ ወሬዬ ከልጆቹ አልፎ ወፍጮ ቤት ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ስታስፈጭ ወረፋው ረጅም ስለነበር እኔ ጆንያ ላይ ወጥቼ አወራለሁ፣ ልጆቹ ይከቡኛል፣ ትልልቆቹም ያልሰሙ መስለው ጆሯቸውን ይጥላሉ። ግን አንድ ችግር ገጠመኝ፤ የሚፈራልኝ ሰው ጠፋ። ካባ እንደሆነ የቄስም የሙሽራም ልብስ ነው፣ ማን ይደነግጣል? ጥርሱ የወጣ ሰውም እኛ ሰፈር ብቻ ሦስት ነበር። የአሰላ ልጅ ምን እንደሚፈራ ሳስብ ትምህርት ቤት የሚመጡት ክትባት ሰጪዎች ትዝ አሉኝና፣ ሙሴ ጥርሶን ካባውን አስወልቄ ነጭ ጋውን አለበስኩት፣ በጥርሱ ፈንታ መርፌ አስያዝኩት። በዚህም አላበቃሁም። «መጀመሪያ በትሕትና ስምህን ይጠይቅሃል» አልኳቸው። «ከነገርከው ይጽፈዋል። ስምህ ከተጻፈ አለቀልህ፣ ከተኛህበት አትነሣም!» ያን ቀን አንዲት ሴትዮ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የእናቴ ወንድም ጋሽ ታደሰም በዚያን ቀን ነበር። ሳጉሬ የሚያርስ፣ ጅብ በዱላ የሚያባርር ግዙፍ ሰው ነው። ጆንያውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ካዳመጠኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሚጽፈው በምንድን ነው?» አለኝ። «በእስክሪብቶ» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እናቴ ግን ጆሮዬን ቆንጥጣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል» አለችኝ፤ እሷ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ታኅሣሥ ሲገባ የስንዴው አጨዳ ደራ። አባቴ የግብርና ሠራተኛ ስለነበር በአጨዳ ወቅት ቤት አይገኝም፣ ያን ጊዜም ራቅ ብሎ አርቦዬ ነበር፤ መልእክት ተልኮለት እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል። እናቴ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ምጥ ያዛት፣ ጎረቤቶች ተሰብስበው አዋለዷት፣ ወንድ ልጅ ተወለደ ተብሎ እልል ተባለ። እልልታው ግን ቶሎ ተቋረጠ። ደሙ አልቆም አለ። ጋሽ ታደሰ እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ እህል ይዞ ከሳጉሬ መጥቶ ነበርና፣ ከጎረቤት ወንዶች ጋር በቃሬዛ ተሸክመዋት ሆስፒታል ሲገቡ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ተከተልኩ።

ሲስተር አበባ የምትባል፣ ከሐረር ተመድባ የመጣች፣ ቁጣ ቁጣ የሚላት ነርስ ወጣችና «ደም ብዙ ፈሷታል። ለሷ የሚሆን የተቀመጠ ደም የለንም፣ ከዘመድ አሁኑኑ ካልተገኘ አትተርፍም» አለች።

ጋሽ ታደሰ እጅጌውን ሰብስቦ «ለእህቴ? ቅጂው! ሞልቶኛል!» አለ። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያኔ በላይኛው በር አንድ ረጅም፣ ከሲታ፣ ፊቱ የነጣ ፈረንጅ ሐኪም ነጭ ጋውን ለብሶ ገባ። ሲስተር አበባ የብርጭቆ ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጠፈችና፣ እስክሪብቶዋን አንሥታ በትሕትና «ስምዎን ማን ልበል?» አለችው።

ጋሽ ታደሰ ሐኪሙን አየ። መርፌውን አየ። እስክሪብቶውን አየ። እጅጌውን ቀስ ብሎ ወደ ታች መለሰና ወጥቶ ሄደ። ሲስተር አበባ «ወይ ወንዶች! መርፌ ሲያዩ እኮ እንዲህ ናቸው» አለች። እኔ ግን መርፌው እንዳልሆነ አውቄ ከኋላው ሮጥኩ።

ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ አገኘሁትና እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ጋሼ፣ ውሸት ነው! ጋውን ያለበስኩት እኔ ነኝ! ፊልሙ ላይ ጥቁር ካባ ነበር የለበሰው፣ መርፌም አልነበረውም፣ ስምም አይጽፍም፤ ልጆቹ አልፈራ ሲሉኝ የጨመርኩት ነው!»

ከመሬት አነሣኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር። «የኔ ልጅ፣ እናትሽን ብለሽ ነው አሁን የምትዋሺው። አልፈርድብሽም። ያን ቀን እውነቱን ነበር የተናገርሽው፤ እኔ እኮ ሰምቼሻለሁ፤ እንዲያ ያለ ነገር ከልብ ካልሆነ አይወራም» አለኝ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እንደዚያ ቀን ግን ምስጋናን ጠልቼ አላውቅም። ብለምነው፣ ብምልለት፣ ባለቅስ አላመነኝም። እናቴ ውስጥ ተኝታ ደሟ ይፈሳል። ማልቀሴን አቆምኩ። በምላሴ ያበላሸሁትን ምላሴ እንደማያስተካክለው ገባኝና አፍንጫዬን በሹራቤ ጠርጌ ተመልሼ ገባሁ፣ ለሲስተር አበባም ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«አንቺ ነሻ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ከመስከረም ጀምሮ ሕፃናቱ እኔን ባዩ ቁጥር የሚፈረጥጡት ያንቺ ሥራ ነው?»

«አዎ። አሁን እኔን ውጊኝ። እሱ እያየ፣ በረንዳ ላይ።»

«ከልጅ ደም አይቀዳም።»

«ጣቴን ውጊኝ! ስሜንም ጻፊው! ካልወጋሽኝ ከዚህ አልንቀሳቀስም!» በሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ምን እንደታያት አላውቅም፣ ዕቃዋን ይዛ ሐኪሙንም ጠርታ ወደ በረንዳው ወጣች።

ፀሐዩ ላይ ቆምን። ጋሽ ታደሰ ከባሕር ዛፉ ሥር ያየናል። ሲስተር አበባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ስምሽ ማነው?» አለች፣ እኔም ግቢው እስኪሰማ «ጥሩወርቅ አየለ ወልዴ!» ብዬ እስከ አያቴ ነገርኳት። ፕላስተሩ ላይ ጽፋ ሹራቤ ደረት ላይ ለጠፈችው። ረጅሙ ሐኪም ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘና ጣቴን ወጋ አደረገው። አመመኝ። አላለቅስም ብዬ ነበር፣ አላለቀስኩም። የሚደማ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ አጎቴ ድረስ ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ።

«ይኸው ስሜ ተጽፏል። ይኸው ቆሜያለሁ። የተኛችው እናቴ ናት።»

ጣቴን አየ፣ ደረቴ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበበው። ከሁለት ዓመት በፊት በመሠረተ ትምህርት ነበር ማንበብና መጻፍ የተማረው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባ፣ አልጋው ላይ ተቀመጠና እጁን ለሲስተር አበባ ዘረጋ። «እስክሪብቶውን ስጪኝ። የኔን ስም ሌላ ሰው አይጽፈውም፤ እኔው እጽፈዋለሁ» አለ። ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ እያንዳንዷን ፊደል እንደ ማሳ እያረሰ ሲጽፍ፣ እኔ ቶሎ በል ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ደሙ ተመርምሮ ከእናቴ ጋር ይስማማል ተባለ። ጠርሙሱ እስኪሞላ ዓይኑን ጨፍኖ «ማርያም፣ ማርያም» ሲል ቆየ፣ ሲያልቅም ተነሥቶ ግድግዳውን ያዝ አድርጎ «ቆሜያለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቆመዋል ጋሼ» አልኩት፤ ያኔ ነው ሁለታችንም ስቅስቅ ብለን ያለቀስነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

በልግ ሲመጣ ወፍጮ ቤት ተመልሼ ጆንያው ላይ ወጣሁና ጋውኑም መርፌውም ስም መጻፉም የእኔ ፈጠራ መሆኑን ተናገርኩ። ማን ይስማኝ! ያቺው «ያ ረቢ» ያለችው ሴትዮ «ልጅቷን ሐኪሞቹ አባብለዋታል» አለች። በሚያዝያ ኢተያ ያለችው አክስቴ ቤት ስሄድ ደግሞ አንዲት የማላውቃት ልጅ የራሴን ወሬ መልሳ አወራችልኝ፣ ለሙሴ ጥርሶም መነጽር ጨምራለታለች። ውሸት ነው ስላት «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እኔ ግን አልተውኩም። ሰኔ ግም እስኪል ድረስ፣ ጋሽ ታደሰ ወደ ከተማ በመጣ ቁጥር እጁን ይዤ ወፍጮ ቤት እወስደው ነበር፤ እሱ ክንዱን ገልጦ ያሳያል፣ እኔ አወራለሁ። ሰዉ ከእኔ ምላስ ይልቅ የሱን ክንድ አመነ። እሱም ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ከእናቴ ጋር በተጣላ ቁጥር «በይ ደሜን መልሺ!» ይላት ነበር፤ እሷም ሳትወድ ትስቅና ይታረቃሉ። ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ቆይቷል።

ያን ማክሰኞ የተወለደው ወንድሜ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ልጆቹ ስልክ ላይ ደም መጣጭ ሞልቷል፤ የጃፓኑ ካርቱን አለ፣ ባለ ብዙ ክፍሉ ተከታታይ ፊልም አለ፣ ደም መጣጮቹም ጸጉራቸው የተበጠረ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ፣ በፍቅር የሚያለቅሱ ቆንጆዎች ሆነዋል። እኛ አንዱን፣ እሱንም ግማሹን አይተን ዓመት ሙሉ አወራነው፤ እነሱ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ያዩና በማግስቱ ሌላ ይጀምራሉ። አልወቅሳቸውም። ከእኛ ይልቅ ብዙ ያውቃሉ፣ ከሐኪም ቤትም አይሸሹም። ባለፈው ፋሲካ አሰላ ሄጄ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ስንጫወት ትልቋ ልጅ የምትወዳቸውን አንድ በአንድ ካሳየችኝ በኋላ «አክስቴ፣ አንቺስ ከደም መጣጮቹ ማንን ትወጃለሽ?» አለችኝ።

«እኔ የምወዳት በሰው ደም ይህን ሁሉ ዓመት የኖረችውን ነው» አልኳት።

«አላየኋትም! ርዕሱን ንገሪኝ» ብላ ልትፈልግ ስልኳን አነሣች። እኔም በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ወደምትልጠው አያቷ ጠቆምኳት።